ከሲሊኮን ቅይጥ ማቅለጫ የሚወጣው ጭስ፦ ከድሬ ሰዎች ተደጋግመው የሚመጡ ጥያቄዎች

ከብረት ሥራ ቤቶች፣ ከኮንክሪት ሠራተኞችና ከምህንድስና ተማሪዎች ደጋግመው የሚመጡትን ጥያቄዎች ከቀላሉ ጀምሬ አስቀምጫለሁ።

ይህ ጭስ ምንድን ነው? ከምን ይመጣል?

ሲሊኮንም ሆነ ፌሮሲሊኮን የሚሠራው ኳርትዝ የሚባለውን ነጭ ድንጋይ ከከሰል ጋር በኤሌክትሪክ ምድጃ ውስጥ በማቅለጥ ነው። ለፌሮሲሊኮን ብረት ይጨመርበታል። ከሰሉ የድንጋዩን ኦክስጅን ይወስዳል፤ ሲሊኮኑ ቀልጦ ከታች ይጠራቀማል። የምድጃው ሆድ 2,000 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ይደርሳል።

በዚህ ሙቀት ሁሉም ሲሊኮን ፈሳሽ ሆኖ አይቀርም። ከፊሉ ሲሊኮን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ሆኖ ወደ ላይ ያመልጣል። አናት ላይ አየር ሲያገኘው ይቃጠልና ተመልሶ ሲሊካ፣ ማለትም ኳርትዝ የተሠራበት የሲሊኮንና የኦክስጅን ውህድ፣ ይሆናል። እንፋሎት የድስት ክዳን ሲነካ ጠብታ እንደሚሆነው፣ ይሄም ድንገት ሲቀዘቅዝ እጅግ ደቃቅ ጠብታ ይሠራል። ጠብታው ወዲያው ይጠነክራል። ስለዚህ ጭስ እንበለው እንጂ፣ ዓይናችን የሚያየው ነገር ጠጣር ብናኝ ነው። ብዛቱም ቀላል አይደለም፦ አንድ ቶን ሲሊኮን ሲመረት ከ200 እስከ 400 ኪሎ ያህል ብናኝ አብሮ ይወጣል።

ድሬዳዋ ላለን ሰዎች ምናችን ነው?

ፌሮሲሊኮን በብዛት የሚመረተው እንደ ቻይና፣ ሩሲያ፣ ኖርዌይና ብራዚል ባሉ አገሮች ነው። ኤሌክትሪክ በጣም ይበላል። 75 በመቶ ሲሊኮን ያለው ፌሮሲሊኮን አንድ ቶኑ ከ8,000 እስከ 9,000 ኪሎዋት ሰዓት ይፈልጋል። ንጹሁ ሲሊኮን ደግሞ ከ11,000 በላይ ይሄዳል።

ወደ እኛ ግን በከረጢት ይመጣል። ፌሮሲሊኮኑን ብረት የሚያቀልጡ ፋብሪካዎች ኦክስጅን ለማስወገድና ብረቱን ለማስተካከል ይጨምሩታል። ከማጣሪያ የተሰበሰበው ብናኝ ደግሞ ሲሊካ ፊዩም ተብሎ ለኮንክሪት ይሸጣል። በጅቡቲ መንገድ የሚጫነውን ጭነት የሚያወርድ ሰው፣ ከረጢቱን ቀድዶ ማደባለቂያ ውስጥ የሚጨምር ሰው፣ ብረት የሚያቀልጥ ሰው፣ ሁሉም ከዚህ ነገር ጋር ይገናኛል። በዚያ ላይ በየሰፈሩ የምናየው የብየዳ ጭስ የዚሁ ዘመድ ነው። እሱን ወደ ታች እመለስበታለሁ።

የአንዷ ብናኝ መጠን ስንት ነው?

በአማካይ ከ0.1 እስከ 0.15 ማይክሮን። አንድ ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው። ትንንሾቹ ወደ 0.02 ማይክሮን ይወርዳሉ፤ ትልልቆቹ ግማሽ ማይክሮን አካባቢ ናቸው። የሲሚንቶ ቅንጣት በአማካይ ከ10 እስከ 20 ማይክሮን ስለሆነ፣ ይህኛው ከሲሚንቶ ወደ መቶ እጥፍ ያንሳል ማለት ነው።

ከመጠኑ ብዙ ነገር ይከተላል። የአንዷ ዲያሜትር 0.15 ማይክሮን፣ ጥግግቷም በኪዩቢክ ሴንቲሜትር 2.2 ግራም ነው ብላችሁ ብታሰሉ፣ አንድ ግራም ውስጥ ከ100 ትሪሊዮን በላይ ቅንጣቶች ታገኛላችሁ። የሁሉም ገጽታ ስፋት ሲደመር በአንድ ግራም ከ15 እስከ 30 ካሬ ሜትር ይደርሳል። 20ን እንውሰድ፦ የአንድ ኪሎ ብናኝ ገጽታ 20,000 ካሬ ሜትር፣ ማለትም ሁለት ሄክታር ነው። አንድ ኪሎ ሲሚንቶ ከ300 እስከ 400 ካሬ ሜትር ብቻ አለው። ኮንክሪት ሠሪው የሚወደውም፣ የጤና ባለሙያው የሚሰጋውም ከዚሁ ስፋት የተነሳ ነው።

ቅርጹስ? እንደ አሸዋ ስለታም ነው?

አይደለም። በማይክሮስኮፕ ሲታይ ድቡልቡል ነው። ፈሳሽ ጠብታ በአየር ላይ እንዳለ ስለሚጠነክር ክብ ሆኖ ይቀራል። ተፈጭቶ የደቀቀ ድንጋይ ግን ስብርባሪ ስለሆነ ጠርዝ አለው።

ከቅርጹ ይልቅ የውስጥ አሠራሩ ይበልጣል። ቶሎ ስለቀዘቀዘ አተሞቹ ተሰልፈው ክሪስታል ለመሥራት ጊዜ አላገኙም። ስለዚህ እንደ መስታወት ነው። ኳርትዝ ደግሞ ክሪስታል ነው። የሁለቱም ንጥረ ነገር አንድ፣ ሲሊካ፣ ነው። ሳንባ ላይ የሚያደርጉት ግን እጅግ የተለያየ ነው። ከታች ስለ ሲሊኮሲስ የምለውን ለማንበብ ይህችን ልዩነት ያዙ።

ቀለሙ ለምን አንዴ ነጭ፣ አንዴ ጥቁር ግራጫ ይሆናል?

ንጹህ ሲሊካ ነጭ ነው። የሚያጠቁረው ሳይቃጠል አብሮ የወጣ ካርቦን ነው። የምድጃው ጋዝ በጣም ትኩስ ሆኖ ከወጣ ካርቦኑ መንገድ ላይ ይቃጠልና ብናኙ ይነጣል። ቶሎ ከቀዘቀዘ ይጠቁራል። የጠቆረ ከረጢት ስላያችሁ ብቻ ተበላሽቷል አትበሉ። ኮንክሪቱን ግን ያጠቁረዋል፤ ለሚታይ ግድግዳ ከሆነ አስቀድሞ ማሰብ ነው።

አየር ላይ ያለው ጭስ ወደ ሰማያዊ ሲያደላ ካያችሁ ቅንጣቶቹ ከብርሃን ሞገድ ያነሱ ናቸው ማለት ነው። ሰማያዊውን ብርሃን አብዝተው ይበትኑታል። ያው ጭስ ፀሐይ ከበስተጀርባው ስትሆን ቡናማ ይመስላል።

ለምን ቶሎ መሬት ላይ አያርፍም?

ቀላል ስለሆነ ብቻ አይደለም። ቅንጣት ባነሰ ቁጥር ክብደቱ ከአየሩ ግጭት ጋር ሲወዳደር በፍጥነት ይመነምናል። ነፋስ በሌለበት ክፍል ውስጥ፣ ከአፍንጫ ቁመት ከ1.5 ሜትር ተነስቶ፣ 10 ማይክሮን የሆነ የድንጋይ ብናኝ በ3 ደቂቃ አካባቢ ወለል ይደርሳል። አንድ ማይክሮን የሆነው 4 ሰዓት ተኩል ይፈጅበታል። 0.1 ማይክሮን የሆነው የሲሊካ ብናኝ ግን 9 ቀን ያህል ይንሳፈፋል። እውነተኛ ክፍል ውስጥ በር ይከፈታል፣ ሰው ያልፋል፣ ሙቀት ወደ ላይ ይገፋል። ስለዚህ በተግባር አያርፍም ብትሉ ይሻላል።

አንድ ነገር ይረዳል። ቅንጣቶቹ በብዛት ሲሆኑ እርስ በርስ ይጋጫሉ፣ ይጣበቃሉ፣ ሰንሰለትና ጓል ይሠራሉ። ጓሉ ከአንዷ ቅንጣት ፈጥኖ ይወርዳል። ይህ ግን ጭሱ ወፍራም በሆነበት በምድጃው አካባቢ ነው። ከራቀና ከሳሳ በኋላ መጋጨቱም ይቀንሳል።

ከዚህ የሚወጣ ተግባራዊ ምክር አለ። "አቧራው አረፈ፣ እንግባ" የሚባለው ለድንጋይ መፍጫ ትንሽ ይሠራል። ለማቅለጫ ጭስ አይሠራም። አየሩ መለወጥ አለበት። በድሬ ሙቀት ሁሉም በር ስለሚከፈት ችግሩ የሚቀል ይመስላል፤ ነገር ግን ነፋሱ ጭሱን ከምድጃው ወደ ሠራተኛው ፊት የሚያመጣ ከሆነ የተከፈተ በር ምንም አይጠቅምም።

የሲሚንቶ ፋብሪካ አቧራም ይኸው ነው?

አይደለም፣ ምንም እንኳን የአገራችን የመጀመሪያው ሲሚንቶ ፋብሪካ በጣሊያን ዘመን የተተከለው ድሬዳዋ ላይ ስለሆነ ሰው ብናኝ ሲባል ወዲያው ሲሚንቶ ትዝ ቢለው አይፈረድበትም። የሲሚንቶ አቧራ የተፈጨና የተቃጠለ የኖራ ድንጋይና ሸክላ ነው። ሻካራ ነው፣ ከውሃ ጋር ሲገናኝ እንደ ኖራ ያቃጥላል፣ ቆዳና ዓይን ያስቆጣል። የሲሊካ ፊዩም ብናኝ ብቻውን ውሃ ውስጥ ቢገባ አይጠነክርም፣ አያቃጥልም።

በአዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ "አይበላም" ተብሎ የምትገኘው ትንሽ ከረጢትም ሲሊካ ናት። እሷ ግን ሲሊካ ጄል ነች፤ ከፈሳሽ ኬሚካል የምትሠራ፣ እርጥበት የምትመጥ። ከማቅለጫ ጭስ ጋር አይገናኙም።

ሳንባ ውስጥ ሲገባ ምን ይሆናል?

ከ10 ማይክሮን የሚበልጠው አብዛኛው አፍንጫና ጉሮሮ ላይ ይቀራል። ከ4 ማይክሮን የሚያንሰው ወደ ሳንባ ጥልቅ ክፍል፣ የአየር ከረጢቶቹ ዘንድ፣ ሊደርስ ይችላል። የማቅለጫ ጭስ ቅንጣቶች በሙሉ ማለት ይቻላል ከዚህ በታች ናቸው። ከ0.1 እስከ 0.5 ማይክሮን ያሉት በከፊል ተመልሰው በትንፋሽ ይወጣሉ፤ የቀሩት ግን እየተንቀጠቀጡ ግድግዳው ላይ ይጣበቃሉ። ስለዚህ "ትንሽ ስለሆነ ወጥቶ ይሄዳል" የሚለው ግማሽ እውነት ነው።

በኖርዌይ ማቅለጫዎች በተደረጉ የብዙ ዓመት ጥናቶች ለብናኙ ይበልጥ የተጋለጡ ሠራተኞች የመተንፈስ አቅም ፈጥኖ ሲቀንስ ታይቷል። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ደግሞ ሁለት ሸክም ይሸከማል። ሳል፣ አክታና የደረት መጨነቅ ሳምንታት ከቆዩ ሐኪም ሄዶ ሥራውን መናገር ያስፈልጋል። "አቧራ ውስጥ እሠራለሁ" ማለት አይበቃም። ምን እንደሚቀልጥ፣ ምን እንደሚፈጭ ንገሩት።

ሲሊኮሲስ ያመጣል?

ብዙ ሰው የሚፈራው ይህን ነው፤ የሚፈራውም አብዛኛውን ጊዜ የተሳሳተውን ቦታ ነው። ሲሊኮሲስ ሳንባን ጠባሳ የሚያደርግ፣ መልሶ የማይድን በሽታ ነው። የሚያመጣው ክሪስታል የሆነው ሲሊካ ነው፦ ኳርትዝና ክሪስቶባላይት። የምድጃው ጭስ በአብዛኛው መስታወታማ ነው። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ1997 ክሪስታሉን በሥራ ቦታ ሲተነፈስ ካንሰር አምጪ ሲል መድቦታል። መስታወታማውን ግን ለመፈረጅ በቂ ማስረጃ የለም ብሎ ለየው። ይህ "ጉዳት የለውም" ማለት አይደለም፤ ካንሰርን በተመለከተ አልተወሰነም ማለት ነው።

አደጋው ታዲያ የት ነው? ማንም በማይፈራው በኩል። ኳርትዙ የሚሰበርበትና በወንፊት የሚነፋበት ቦታ፣ ከማጓጓዣ ቀበቶ ሥር ወለል የሚጠረግበት ቦታ፣ ያረጀ የምድጃ ግድግዳ በመዶሻ የሚፈርስበት ቦታ። ሲሊካ ለረጅም ጊዜ ከፍተኛ ሙቀት ሲያገኘው ወደ ክሪስቶባላይት ስለሚለወጥ የምድጃ ጥገና ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የሚያስፈራ ጢስ የለም፣ ነበልባል የለም፣ ተራ አቧራ ነው። ለዚህ ነው ሰው የሚዘናጋው።

ይህ ነገር ወደ ቤታችንም ይመጣል። በድሬና በሐረር ዙሪያ የኖራ ድንጋይም፣ አሸዋማ ድንጋይም፣ ግራናይትም አለ። የኖራ ድንጋይ ኳርትዙ ብዙ ጊዜ ጥቂት ነው። አሸዋማ ድንጋይና ግራናይት ግን ኳርትዝ ሞልቷቸዋል። ክሬሸር ላይ የሚሠራ፣ በድንጋይ መቁረጫ ዲስክ በደረቁ የሚቆርጥ፣ በአሸዋ ግፊት ዝገት የሚያነሳ ሰው ከማቅለጫ ሠራተኛው ይልቅ ለሲሊኮሲስ ሊጋለጥ ይችላል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2016 ለሥራ ቦታ ያወጣችው ጣሪያ ለስምንት ሰዓት ፈረቃ በአንድ ኪዩቢክ ሜትር አየር 50 ማይክሮግራም ክሪስታል ሲሊካ ነው። ይህ በዓይን የሚታይ መጠን አይደለም። መፍትሔው ርካሽ ነው፦ ውሃ። እየረጠቡ መቁረጥና መስበር። ሲሊኮሲስ የያዘው ሰው ለቲቢም ይበልጥ ስለሚጋለጥ፣ እንደኛ ቲቢ ባለበት አገር ነገሩ እጥፍ ይሆናል።

የትኛው ማስክ ይይዘዋል?

ሻሽ፣ ፎጣ፣ የረጠበ ጨርቅ፣ አይይዙትም። የሕክምና ማስክም ዋና ድክመቱ በጎን መከፈቱ ነው። የሚያስፈልገው ኤን 95 ወይም ኤፍኤፍፒ 2 የሚባለው ዓይነት ነው፤ ለጥገናና ለከባድ ብናኝ ኤፍኤፍፒ 3 ወይም ፊልተር የሚገጠምበት የጎማ ማስክ።

"ኤን 95 የሚፈተነው በ0.3 ማይክሮን ነው፣ የኛ ብናኝ ግን 0.1 ነው፣ ያልፋላ?" የሚል ጥያቄ ብልህ ልጆች ያነሳሉ። አያልፍም። ማስክ እንደ ወንፊት አይሠራም። ትልቁን ቅንጣት በግጭት ይይዛል። በጣም ትንሹን ደግሞ እየተወዛወዘ ክሩን ስለሚነካ ይይዛል። ሁለቱም ዘዴ የሚደክምበት መሃል ላይ ያለው መጠን፣ እንደ ማስኩ ዓይነት ከ0.05 እስከ 0.3 አካባቢ ያለው፣ ለመያዝ ከሁሉም ይከብዳል። ፈተናው በከባዱ የሚደረገውም ለዚህ ነው። ስለዚህ ፈተናውን ያለፈ ማስክ የኛንም ብናኝ አብዛኛውን ይይዛል።

እውነተኛው ችግር ፊት ላይ መገጠሙ ነው። ጢም ካለ ይከፈታል። በድሬ ሙቀት ላብ ያንሸራትተዋል፣ ሰውም አገጩ ላይ አውርዶ ይሠራል። አገጭ ላይ ያለ ማስክ ለማንም አይጠቅምም። ፈረቃን ማሳጠርና በየተወሰነ ጊዜ ወጥቶ ውሃ መጠጣት ከቁጣ የተሻለ ሠራተኛውን ማስክ ያስለብሰዋል።

ፋብሪካ ይህን ጭስ እንዴት ይይዘዋል?

ምድጃው ላይ ትልቅ ጭስ መሳቢያ ይደረጋል። ጋዙ ይቀዘቅዛል፣ ከዚያ በሳይክሎን ውስጥ ያልፋል። ሳይክሎኑ እያሽከረከረ የሚይዘው ሻካራውን፣ ማለትም የከሰልና የድንጋይ ስብርባሪን ነው። 0.1 ማይክሮን የሆነውን መያዝ አይችልም፤ እየተሽከረከረ አብሮ ያልፋል። ደቃቁን የሚይዘው በመጨረሻ ያለው የጨርቅ ከረጢት ማጣሪያ ነው።

ከረጢቱ አዲስ ሲሆን ያን ያህል አይዝም። ብናኙ ላዩ ላይ ንብርብር ሲሠራ ግን ንብርብሩ ራሱ ማጣሪያ ይሆናል። ስለዚህ አብዝቶ ማራገፍም ስህተት ነው። ሙቀቱም ወሳኝ ነው፦ ከመስታወት ክር የተሠራ ከረጢት እስከ 260 ዲግሪ ገደማ ይችላል፣ የፖሊስተሩ ግን 150 ዲግሪ ላይ ያልቅለታል። በአንድ የተቀደደ ከረጢት የሚወጣው ጭስ ከብዙ ደህና ከረጢቶች ድካም ይበልጣል። ጭስ ማውጫው ላይ በድንገት ነጭ ጢስ ከታየ የመጀመሪያ ጥርጣሬዬ እሱ ነው።

ቀልጦ ሲቀዳ የሚወጣው ጭስ ከምድጃው ጭስ ይለያል?

አዎ፣ ለሠራተኛውም ይብሳል፤ ምክንያቱም ፊቱ ላይ ነው። የምድጃውን ጭስ መሳቢያው ይወስደዋል። ቅልጡ ወደ ባልዲ ሲወርድና ወደ ቅርጽ ሲፈስ ግን የፈሳሹ ገጽ ከአየር ጋር ሲገናኝ እንደገና ያንኑ ጋዝ ይሠራል፣ ያንኑ ደቃቅ ሲሊካ ያወጣል። ፈሳሹ በተንቀሳቀሰና አየር ባገኘ ቁጥር ጭሱ ይበዛል። ስለዚህ ከከፍታ አለማፍሰስና ባልዲውን መክደን ከምንም ማስክ በፊት የሚመጣ ሥራ ነው።

ቅይጥ ማግኒዚየም ካለበት፣ ማለትም በቀላሉ የማይሰበር ቀረጻ ብረት (ዳክታይል) ለመሥራት የሚጨመረው ፌሮሲሊኮን ማግኒዚየም ከሆነ፣ ደማቅ ብልጭታና ወፍራም ነጭ ጢስ ይወጣል። እሱ በአብዛኛው ማግኒዚየም ኦክሳይድ ነው። በብዛት ሲተነፈስ ማታ ላይ እንደ ጉንፋን ያለ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ሊያመጣ ይችላል፤ ብዙ ጊዜ በማግሥቱ ይለቃል። ወባ ነው ብሎ ክኒን ከመግዛት በፊት ቀን የተሠራውን ማስታወስ ይጠቅማል።

የበያጅ ጭስስ?

አፈጣጠሩ አንድ ነው። ብረት ተኖ፣ አየር ውስጥ ቀዝቅዞ፣ ደቃቅ ብናኝ ሆኖ ይወጣል። መጠኑም ከአንድ ማይክሮን በታች ነው። ውስጡ ግን ሲሊካ ሳይሆን በዋናነት የብረት ኦክሳይድ፣ ማንጋኒዝና ከኤሌክትሮዱ ሽፋን የሚመጣ ነገር ነው። የማይዝግ ብረት ከሆነ ክሮሚየምም ይጨመራል። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ የብየዳ ጭስን በሰው ላይ ካንሰር አምጪ ከሚላቸው መካከል መድቦታል። ለበያጆቻችን ይህ ከፌሮሲሊኮን ይበልጥ ቅርብ ጉዳይ ነው፣ ልጆችን አጠገብ አቁሞ መበየድንም ይጨምራል።

ለኮንክሪት ይህን ያህል ለምን ይፈለጋል? በድሬ ሙቀት ይሠራል?

ሲሚንቶ ውሃ ሲያገኝ ጥንካሬ ከሚሰጠው ነገር ጋር ኖራም ይሠራል። ኖራው ደካማ ነው። ደቃቁ ሲሊካ ኖራውን ይበላና ወደ ጠንካራው ይለውጠዋል። በተጨማሪም በሲሚንቶ ቅንጣቶች መሃል ያለውን ክፍተት ይሞላል። ስለዚህ ኮንክሪቱ ጥቅጥቅ ይላል፣ ውሃና ጨው አይገባበትም። ብዙ ጊዜ ከሲሚንቶው ክብደት ከ5 እስከ 10 በመቶ ይደረጋል። ኖርዌይ ውስጥ ይህን ብናኝ በኮንክሪት መሞከር የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ ነው። እስከ 1970ዎቹ ድረስ ግን አብዛኛው በቀጥታ ወደ ሰማይ ይለቀቅ ነበር።

ዋጋው ውድ ነው፣ ለተራ ቤት አያስፈልግም ባይ ነኝ። ለድልድይ ምሰሶ፣ ለኬሚካል ወለል፣ በጅቡቲ በኩል ለባሕር ጨው ለተጋለጠ ግንባታ ግን ይገባዋል። ገጽታው ሰፊ ስለሆነ ውሃ ይጠማዋል። ውሃ ጨምሮ ማቅጠን ጥቅሙን ሁሉ ያጠፋል፤ ኮንክሪት ማቅጠኛ ኬሚካል ግድ ነው።

በድሬ ሙቀት ዋናው ራስ ምታት መሰንጠቅ ነው። ተራ ኮንክሪት ከተፈሰሰ በኋላ ትንሽ ውሃ ወደ ላይ ያወጣል፣ ይህም ገጹን ከመድረቅ ይጠብቀዋል። ሲሊካ ፊዩም ያለበት ግን ውሃ አያወጣም። ፀሐይና ነፋስ ካገኘው ገና ሳይጠነክር ይሰነጠቃል። ለተራ ኮንክሪት ከአንድ ካሬ ሜትር በሰዓት አንድ ኪሎ ውሃ ከተነነ አደጋ ነው ይባላል፤ ለዚህኛው ከዚያ በታችም ይሰነጠቃል። ማታ ወይም ማለዳ ማፍሰስ፣ እንደጨረሱ ወዲያው በላስቲክ መሸፈን፣ ውሃ በጭጋግ መልክ መርጨት። ሐረር ከፍ ያለና ቀዝቀዝ ያለ ስለሆነ ጉዳዩ ይቀላል፣ ነፋሷ ግን አይናቅም።

ፌሮሲሊኮን ከረጢት ዝናብ ቢያገኘው ችግር አለው?

አለው፤ ይህን የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው። ከ30 እስከ 90 በመቶ ሲሊኮን ያለው ፌሮሲሊኮን በጭነት ሕግ እርጥበት ሲያገኝ አደገኛ ጋዝ የሚያወጣ ዕቃ ተብሎ ይመደባል። ሃይድሮጅን ይወጣል፣ ይቀጣጠላል። በውስጡ ካለ ጥቂት ፎስፈረስ የተነሳ ፎስፊን የሚባል መርዛማ ጋዝም ሊወጣ ይችላል። የነጭ ሽንኩርት ወይም የበሰበሰ ዓሣ ሽታ ከሰጠ ወዲያው ውጡ። መጋዘኑ ደረቅና አየር የሚዘዋወርበት ይሁን፤ ሸራ ሳይለብስ ከመኪና ላይ ያደረ ጭነት ከሆነ ደግሞ መጋዘን ከመግባቱ በፊት ይነፍስበት። ጥበቃ የሚያድረውም ውስጥ አይተኛ።

ከረጢቱ 0.15 ማይክሮን ይላል፣ ላቦራቶሪው 20 ማይክሮን አለ። ማን ዋሸ?

ማንም አልዋሸም። ሁለቱ የለኩት የተለያየ ነገር ነው። በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ የታየችው አንዷ ድቡልቡል ቅንጣት 0.15 ናት። በጨረር የሚለካው መሣሪያ ግን ጓሉን እንደ አንድ አድርጎ ያነበዋል። ብናኙ እንዳለ በጣም ቀላል ስለሆነ፣ ከ200 እስከ 350 ኪሎ ብቻ በኪዩቢክ ሜትር፣ ለጭነት እንዲመች ሆን ተብሎ ወደ 500 ወይም 700 ኪሎ ይጠቀጠቃል። ያ የተጠቀጠቀ ጓል በአስር ማይክሮኖች ሊለካ ይችላል። ናሙናውን በውሃ ውስጥ በድምፅ ሞገድ ካልበተኑት ቁጥሩ ከፍ ብሎ ይወጣል።

ሦስተኛ መለኪያም አለ፤ ናይትሮጅን ጋዝ በገጽታው ላይ ስንት እንደሚጣበቅ ተለክቶ ስፋቱ ይሰላል። ለጤና የሚለካው ደግሞ በአየር ላይ እንዴት እንደሚንሳፈፍ ነው፤ በዚህ ጊዜ ጓሉ ነው የሚቆጠረው፣ ምክንያቱም ሰው የሚተነፍሰው ጓሉን ነው። ስለዚህ ቁጥር ከመጠየቅ በፊት ዘዴውን ጠይቁ። ገዢ ከሆናችሁ ደግሞ ሁለት ነገር በወረቀት ይሰጣችሁ፦ የሲሊካ ይዘቱ ቢያንስ 85 በመቶ መሆኑ፣ በ45 ማይክሮን ወንፊት ላይ የሚቀረውም ከ10 በመቶ አለማለፉ። የአሜሪካው የኮንክሪት ደረጃ የሚጠይቀው እነዚህን ነው። የወንፊቱ ቁጥር ከበዛ ከረጢቱ ውስጥ የከሰል፣ የድንጋይ ወይም ያልተበተነ ጓል ድብልቅ አለ፤ በኮንክሪት ውስጥም ሳይበተን እንደ ጠጠር ሊቀር ይችላል።